ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ መጽሐፍ፦ ተማሪዎች የሚወዷቸውን ተከታታይ ልብ ወለዶች ስለሚጋሩበት መንገድ

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያስተማረ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ሁኔታ አለ። ትምህርቱ በመካሄድ ላይ ሳለ በኋለኛው መደዳ የተቀመጠ ተማሪ ዐይኑን ከሰሌዳው አንሥቶ ወደ ጭኑ አቀርቅሯል። መምህሩ ቀረብ ብሎ ሲመለከት ከደብተሩ ሥር ሽፋኑ የተቀደደ፣ ማዕዘኑ የተጠቀለለ ልብ ወለድ መጽሐፍ ያገኛል። መጽሐፉ ይነጠቅና በጠረጴዛ መሳቢያ ይቈለፍበታል። በዕረፍት ሰዓት ግን መጽሐፉን ለማስመለስ ወደ መምህራን ክፍል የሚመጣው የተነጠቀው ተማሪ ብቻ አይደለም። ሁለት ሦስት ጓደኞቹ አብረውት ቆመዋል። አንዱ የመጽሐፉ ባለቤት ነው፤ ሌላው ቀጣዩን ተራ የያዘ ነው፤ አንዷ ደግሞ መጽሐፉን እስከ ነገ ጧት አንብባ ለጎረቤት ክፍል ተማሪ ለማስተላለፍ ቃል የገባች ናት።

ከዚያው መሳቢያ ጥቂት እርምጃ ርቆ የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። በመደርደሪያዎቹ ላይ ያሉት መጻሕፍት ሽፋናቸው አልተቀደደም፣ ማዕዘናቸውም አልተጠቀለለም። ብዙዎቹ ማኅተም ተመቶባቸው ቁጥር ከተሰጣቸው ወዲህ ማንም አልገለጣቸውም።

በእነዚህ በሁለት ዓይነት መጻሕፍት መካከል ያለው ልዩነት ለትምህርት ሥራ ትልቅ ትርጉም አለው። አንደኛው ያለ ማንም ትእዛዝ፣ ያለ ፈተናና ያለ ማርክ ከተማሪ ወደ ተማሪ ይሄዳል። ሌላው በጀት ተመድቦለት፣ በኮሚቴ ተመርጦ፣ በመኪና ተጭኖ ከመጣ በኋላ ከተቀመጠበት አይነሣም። ልዩነቱ በመጻሕፍቱ ጥራት ብቻ የመጣ ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ እውነቱ ግን እንደዚያ አይደለም። በመደርደሪያው ላይ የተኙት አንዳንዶቹ በእጅ ከሚዞረው የተሻሉ ናቸው። የጎደላቸው «ይህን አንብበው» ብሎ ለሌላው የሚነግር አንድ ልጅ ነው።

ማንበብ መቻልና አንባቢ መሆን

ፊደል ለይቶ ቃል መሰብሰብ የሚችል ልጅ ሁሉ አንባቢ ሆኗል ማለት አይቻልም። በአሜሪካ አንደርሰን፣ ዊልሰንና ፊልዲንግ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተሙት ጥናት 155 የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎች ከትምህርት ቤት ውጭ ያለውን ጊዜያቸውን በምን እንደሚያሳልፉ በየዕለቱ እንዲመዘግቡ አድርገው ነበር። ተማሪዎቹ ባነበቡት ጊዜ ርዝመት ሲደረደሩ፣ መካከለኛውን ቦታ የያዘው ተማሪ መጽሐፍ የሚያነበው በቀን ለ4.6 ደቂቃ ብቻ ነበር። ከመቶ ዘጠናውን የሚበልጠው ግን 21 ደቂቃ ያህል ያነባል። ከታች ከመቶ ዐሥረኛውን ቦታ የያዘው ተማሪ ደግሞ ከናካቴው አያነብም ማለት ይቻላል። ሁሉም ማንበብ ተምረዋል፤ የተቀመጡትም በአንድ ዓይነት ክፍል ውስጥ ነው።

ልዩነቱ ከዓመት ወደ ዓመት እንዴት እንደሚሰፋ ኪት ስታኖቪች የተባለው የሥነ ልቡና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1986 ባቀረበው ጽሑፍ ገልጾታል። ብዙ የሚያነብ ልጅ ብዙ ቃላት ያውቃል፤ ብዙ ቃላት በማወቁም ቀጣዩ ንባብ ይቀልለታል፤ ስለቀለለውም ይበልጥ ያነባል። ጥቂት የሚያነብ ደግሞ በተቃራኒው መንገድ ይሄዳል። ምሁሩ ይህን ሂደት የሰየመው፣ ላለው እንደሚጨመርለት ከሌለው ግን እንደሚወሰድበት በሚናገረው የማቴዎስ ወንጌል ቃል ነው። ለመምህራን የሚከብደው ይህ የኋለኛው ወገን ነው፤ ልጁ በአራተኛ ክፍል ያጣውን የንባብ ልማድ በዘጠነኛ ክፍል የታሪክና የሥነ ሕይወት መጽሐፉ ላይ በዕዳነት ያገኘዋልና።

እንግዲህ ልጁን ከአንደኛው መንገድ ወደ ሌላው የሚያሻግረው ምንድን ነው? ለመጀመሪያው መጽሐፍ የመምህር ትእዛዝ ሊበቃ ይችላል። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውንና ዐሥረኛውን ግን በትእዛዝ ማስነበብ አይቻልም።

የእኩያ ቃል

መምህር «ይህ መጽሐፍ ጥሩ ነው» ሲል ተማሪው የሚሰማው ሥራ ነው። ከኋላው ጥያቄ፣ ከጥያቄውም በኋላ ማርክ እንዳለ ያውቃል። ይህ የመምህሩ ጥፋት አይደለም፤ የቦታው ጠባይ ነው። ያው ቃል ከአጠገቡ ከተቀመጠ ልጅ ሲመጣ ግን ሌላ ነገር ይሆናል። ጓደኛው ከምክሩ የሚያተርፈው የለም። ምን እንደሚያሰለቸው፣ ምን እንደሚያስቀው ያውቃል። ከዚህም በላይ መጽሐፍ የሚመክር ልጅ የራሱን ስም ያስይዛል፤ የመከረው መጽሐፍ አሰልቺ ሆኖ ከተገኘ በሚቀጥለው ጊዜ የሚሰማው የለም። ስለዚህ ልጆች እርስ በርስ ሲመክሩ ብዙ አዋቂዎች ከሚገምቱት የበለጠ ይጠነቀቃሉ።

የልጅን ፍርድ አምነው የተጠቀሙበት ሰዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1936 የለንደኑ አሳታሚ ስታንሊ አንዊን፣ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ቶልኪን የጻፈውን «ሆቢት» የተባለ የምናብ ታሪክ ረቂቅ በተቀበለ ጊዜ፣ ለዐሥር ዓመት ልጁ ለሬይነር ሰጥቶ አስተያየቱን በጽሑፍ እንዲያቀርብ አድርጎታል። ለአንድ አስተያየት የሚከፈለው አንድ ሺልንግ ነበር። ልጁ ታሪኩን በጥቂት መስመር ጠቅለል አድርጎ መጽሐፉ ከአምስት እስከ ዘጠኝ ዓመት ላሉ ልጆች እንደሚስማማ መሰከረ፤ መጽሐፉም በ1937 ታተመ። (የዐሥር ዓመት ልጅ ከእርሱ ለሚያንሱት ብቻ እንደሚሆን መፍረዱ በዚያ ዕድሜ የተለመደ ኩራት ነው፤ ራሱ መውደዱን ግን አልደበቀም።) ያው ሬይነር አድጎ በአባቱ ድርጅት ሲሠራ፣ የዚሁ ደራሲ ታላቅ ሥራ የሆነው የሦስት ቅጽ ልብ ወለድ እ.ኤ.አ. በ1954 እና በ1955 እንዲታተም ከፍተኛ ድርሻ ነበረው።

ከስድሳ ዓመት በኋላም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። የሃሪ ፖተር ተከታታይ መጻሕፍት የመጀመሪያው ቅጽ ብዙ አሳታሚዎች ከመለሱት በኋላ ተቀባይነት ሲያገኝ፣ የአሳታሚው ድርጅት ኃላፊ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ለስምንት ዓመት ልጁ ሰጥቶ ነበር፤ ልጅቱ ቀሪውን አምጣ ብላ አባቷን አላስቀምጥ አለችው። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1997 ሲወጣ በጠንካራ ሽፋን የታተመው 500 ቅጂ ብቻ ሲሆን፣ ከእነዚህም አብዛኞቹ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄዱ። በዚያው ዓመትና በተከታዮቹ ሁለት ዓመታት ተከታታዩ ያሸነፈው ስማርቲስ የተባለው ሽልማት፣ ዕጩዎቹን አዋቂዎች ከመረጡ በኋላ የመጨረሻውን ፍርድ ተማሪዎች የሚሰጡበት ነበር። የማስታወቂያው ጋጋታና የፊልሙ ገንዘብ በኋላ የመጣ ነገር ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ከአምስት መቶ ቅጂ የተነሣውን መጽሐፍ ያስፋፋው ከአንባቢ ወደ አንባቢ የሄደው ወሬ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በዚህ ረገድ በትምህርት ቤት ደረጃ የተደረገው የጌማ ሞስና የጆን ማክዶናልድ ጥናት ሊጠቀስ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመው ይህ ጥናት ተማሪዎችን «ምን ትወዳላችሁ?» ብሎ አልጠየቀም፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ መምህሩ መስማት የሚፈልገውን መልስ ማምጣቱ የታወቀ ነው። ተመራማሪዎቹ የአንድ እንግሊዛዊ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍትን የውሰት መዝገብ ነው የመረመሩት። መዝገቡ የክፍል ጓደኛሞች ምርጫ እርስ በርሱ የተያያዘ መሆኑን፣ በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥም ቢሆን ክፍል ከክፍል የተለየ የንባብ ልማድ እንዳለው አመልክቷል። አንድ ልጅ ምን እንደሚዋስ ለማወቅ ዕድሜውንና ጾታውን ማወቅ ብቻ አይበቃም፤ ከማን ጋር እንደሚውል ማወቅም ያስፈልጋል።

ለኢትዮጵያ መምህር ይህ እንግዳ ነገር ሊሆን አይገባም። በቄስ ትምህርት ቤት ፊደል የሚቈጥረውን ጀማሪ የሚያስቈጥረው ብዙውን ጊዜ ዳዊት ለመድገም የደረሰው ከፍ ያለ ተማሪ ነው፤ የኔታ ከሩቅ ይሰማሉ፣ ሲሳሳት ያርማሉ። ማታ በእሳት ዳር የሚካሄደው እንቆቅልሽም ቢሆን የልጆች የራሳቸው ጉባኤ ነው፤ መልሱን ያጣ አገር ይሰጣል፣ አገር የተሰጠውም ይኰራል። በትልቅ ሰው አልታዘዘም፤ ማርክም የለውም። ሆኖም በቃል ሀብት ረገድ ያለውን ጥቅም የሚጠራጠር የቋንቋ መምህር አይገኝም።

ተከታታይነትና ምናብ

በእጅ የሚዞሩት መጻሕፍት ሲታዩ ብዙ ጊዜ ሁለት ጠባይ አላቸው። አንደኛ፣ ብቻቸውን የቆሙ ሳይሆኑ ሁለተኛና ሦስተኛ ቅጽ ያላቸው ናቸው። ሁለተኛ፣ በዓለም ላይ የሌለ አገር፣ ያልተፈጠረ ፍጡር ወይም ያልተሠራ መሣሪያ የሚገኝባቸው ናቸው። ይህ በተለምዶ ፋንታሲ የሚባለው ምናባዊ ልብ ወለድ ከሌሎቹ ይልቅ ለመጋራት የተመቸ መሆኑ ምክንያት አለው።

የማንኛውም ልብ ወለድ አስቸጋሪው ክፍል መጀመሪያው ነው። ሰዎቹ አይታወቁም፤ ቦታው እንግዳ ነው፤ ስሞቹ ከምላስ ጋር አይስማሙም። ደካማ አንባቢ መጽሐፍ የሚጥለው በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው። ጓደኛው «እስከ ሦስተኛው ምዕራፍ ብቻ ታገሥ፤ ከዚያ ወዲያ አንተው ራስህ አታስቀምጠውም» ሲለው ግን ያን ዳገት በሌላ ሰው ምስክርነት ተደግፎ ይወጣዋል። መጽሐፉ ተከታታይ ከሆነ ደግሞ የወጣው ድካም ለአንድ ጊዜ ብቻ አይሆንም። ሁለተኛው ቅጽ ሲከፈት ሰዎቹ የቆዩ ወዳጆች ናቸው፤ የአገሩም ሕግ ታውቋል። «ቀጥሎ ምን ላንብብ?» የሚለው፣ ስንቱን ጀማሪ አንባቢ ያስቀረው ጥያቄ በሽፋኑ ላይ መልስ አለው። በአንዱ ቅጽና በሌላው መካከል ያለው ጥበቃም የራሱ ጥቅም አለው፤ ልጆቹ በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚሆነውን ይገምታሉ፣ ይከራከራሉ፣ ማስረጃ ለማምጣትም ያለፈውን ቅጽ ደግመው ይገልጣሉ። ለፈተና ካልሆነ መጽሐፍ ደግመው አያነቡም የሚባሉት ተማሪዎች ናቸው ይህን የሚያደርጉት።

ምናባዊነቱ የሚያመጣው ደግሞ ከዚህ የተለየ ነው። በታሪክ ወይም በጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ አዋቂው መምህሩ ነው። በምናባዊው አገር ጉዳይ ግን አራቱን ቅጽ ያነበበ ተማሪ ከርዕሰ መምህሩ ይበልጥ ያውቃል። የየትኛው ንጉሥ ልጅ ማን እንደሆነ፣ የትኛው በር በምን ቃል እንደሚከፈት የሚጠየቀው እርሱ ነው። በሒሳብ ወደ ኋላ የቀረ፣ በክፍል ውስጥ አፉን ከፍቶ የማያውቅ ልጅ በዚህ አንድ ጉዳይ ላይ ባለሥልጣን ሆኖ ሲናገር ማየት ለመምህሩ ትልቅ ትምህርት ነው፤ ቋንቋው ሲፈታ፣ ዐረፍተ ነገሩ ሲረዝም፣ «ምክንያቱም» እና «ይሁን እንጂ» የሚሉትን ቃላት ሳይነገረው ሲጠቀምባቸው ይታያልና።

ክርክሩ እስከ ደራሲው የደረሰበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. ከ1950 እስከ 1956 በሰባት ቅጽ የወጣው የሲ. ኤስ. ሉዊስ የናርንያ ተከታታይ፣ በኅትመት ቅደም ተከተሉና በታሪኩ የጊዜ ቅደም ተከተል መካከል ልዩነት አለው፤ የናርንያን አፈጣጠር የሚተርከው ቅጽ የታተመው ከሌሎቹ ከአምስቱ በኋላ በ1955 ነው። በየትኛው ተራ መነበብ እንዳለበት ከእናቱ ጋር ያልተስማማ አንድ አሜሪካዊ ልጅ በ1957 ለደራሲው ጻፈለት። ደራሲውም ከእናትየው ይልቅ ወደ ልጁ ሐሳብ እንደሚያዘነብል፣ ሆኖም የተራው ነገር ያን ያህል የሚያሳስብ እንዳልሆነ መለሰ። ክርክሩ በአንባብያን ዘንድ እስከ ዛሬ አላበቃም።

በዚህ ዓይነት ንባብ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ፤ የሚናቅም አይደለም። ወላጆች ጊዜ ማባከኛ ነው ይላሉ፤ አንዳንዶችም በውስጡ ያለው ጥንቆላ ያሳስባቸዋል። ይህ በኢትዮጵያ ብቻ የሚታይ ስጋት አይደለም፤ የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2009 ባለው ጊዜ ከትምህርት ቤትና ከቤተ መጻሕፍት ይነሣልን የሚል አቤቱታ በብዛት ከቀረበባቸው መጻሕፍት በመጀመሪያው ተራ የመዘገበው ይህንኑ የሃሪ ፖተርን ተከታታይ ነው። ስለ አንድ መጽሐፍ የሚነሣ ስጋት መጽሐፉን በማንበብ መልስ ሊያገኝ ይገባል፤ ጠቅላላ ዓይነቱን በመኰነን ግን አይደለም። ጅብና ዝንጀሮ የሚከራከሩበትን፣ አንበሳ ችሎት ተቀምጦ የሚፈርድበትን ተረት ለልጁ የነገረ ወላጅ ሐሰት ነገረው ተብሎ አያውቅም። ልጁም ጧት ተነሥቶ ከጅብ ጋር ሊነጋገር አልሄደም። የበለጠ ክብደት ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ይኸውም አንዳንዱ ተከታታይ ከሦስተኛው ቅጽ በኋላ ራሱን የሚደግምና አንባቢውን በአንድ ቦታ የሚያቆም መሆኑ ነው። ይህ እውነት ነው። መድኃኒቱም ከሌላ መጽሐፍ የመጣ ሌላ ጓደኛ ነው።

በአገር ውስጥ ያለው ሁኔታ ሲታይ ፍላጎቱ መኖሩ አያጠራጥርም። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከታተመ በኋላ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በራዲዮ ሲተረክ፣ መጽሐፉን ለመግዛት አቅም ያልነበረው ሁሉ ተሰብስቦ አድምጦታል፤ በማግሥቱም ተነጋግሮበታል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ»፣ የጣናን ገዳማት ከጠፈር ሳይንስ ጋር ያገናኘ ምናባዊ ልብ ወለድ፣ በወጣቶች እጅ ከመዞሩ የተነሣ ተከታዩ «ራማቶሓራ» በጉጉት የተጠበቀ ነበር። በየመንደሩ መጻሕፍት በማከራየት የኖሩ ሱቆችም የኖሩት በዚሁ ወሬ ነው። ነገር ግን እነዚህ ለአዋቂ የተጻፉ ናቸው። ለታናናሾቹ ደግሞ የተረት መጻሕፍት አሉ። በመካከሉ፣ ከዘጠኝ እስከ ዐሥራ ሦስት ዓመት ላለው ልጅ፣ በገዛ ቋንቋው ሁለተኛና ሦስተኛ ቅጽ ያለው ታሪክ ማግኘት እጅግ አስቸጋሪ ነው። የእንግሊዝኛዎቹ ተከታታዮች ለዚህ ዕድሜ ይከብዱታል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ከፈቀደ ወዲህ የመማሪያ መጻሕፍት በብዙ ቋንቋዎች ተዘጋጅተዋል፤ ለደስታ የሚነበቡት ግን ወደ ኋላ ቀርተዋል። የንባብ ልማድ የሚቆመው ወይም የሚወድቀው ደግሞ በዚሁ ዕድሜ ነው።

የመምህሩ ድርሻ

መምህር ይህን የልጆች ልውውጥ በሁለት መንገድ ሊያጠፋው ይችላል። አንዱ መከልከል ነው። ሁለተኛውና በቀና ልብ የሚደረገው የትምህርት አካል ማድረግ ነው። ተማሪው ያነበበውን መጽሐፍ ጭብጥ፣ መቼትና ገጸ ባሕርያት በሁለት ገጽ ዘግቦ እንዲያቀርብ ሲታዘዝ፣ የሚቀጥለውን መጽሐፍ የሚመርጠው በገጹ ማነስ ይሆናል።

እንግሊዛዊው ደራሲና መምህር ኤይደን ቼምበርስ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተመው ስለ ልጆች፣ ስለ ንባብና ስለ ንግግር በሚተርከው መጽሐፉ ቀላል ዘዴ አቅርቧል። መምህሩ «ለምን?» ብሎ ከመጠየቅ እንዲቆጠብ ይመክራል፤ ይህ ቃል በልጅ ጆሮ የፍርድ ቤት ጥያቄ ይመስላልና። በምትኩ «እስቲ ንገረኝ» ብሎ ይጀምራል። መሠረታዊ ጥያቄዎቹ አራት ናቸው፦ የወደድከው ነገር ነበር? ያልወደድከውስ? ግራ ያጋባህ ነገር አለ? ተደጋግሞ ወይም ተያይዞ ሲመጣ ያስተዋልከው ነገር አለ? ከአራቱ ሁሉ ፍሬያማ ሆኖ የሚገኘው ሦስተኛው ነው። ግራ መጋባቱን የተናገረ ልጅ ሌላውን ወደ መጽሐፉ ይስባል፤ ሌላው መልሱን ለማግኘት ያነባልና።

ፈረንሳዊው መምህርና ደራሲ ዳንኤል ፔናክም እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጣው መጽሐፍ የአንባቢን ዐሥር መብቶች ዘርዝሯል። ከእነርሱም ገጽ መዝለል፣ መጽሐፍን ሳይጨርሱ መተው፣ ደግሞ ማንበብና ስላነበቡት ዝም ማለት ይገኙበታል። ለብዙ መምህራን የሚጐረብጠው ሳይጨርሱ መተው የሚለው ነው። ሆኖም አዋቂ አንባቢ ሁሉ ይህን መብት በየቀኑ ይጠቀምበታል።

ስልሳና ከዚያ በላይ ተማሪ ባለበት ክፍል ይህ እንዴት ይሠራል? በሳምንት አንድ ጊዜ ሃያ ደቂቃ ያህል ይበቃል። በአንድ ወንበር የሚቀመጡት ወደ ኋላ ዞረው ከኋለኞቹ ጋር ስድስት ስድስት ሆነው ይነጋገራሉ፤ ከዚያም ሁለት ወይም ሦስት ልጆች ብቻ ለክፍሉ ይናገራሉ። የታሪኩን መጨረሻ መግለጽ ክልክል ነው። መጽሐፉ መጥፎ ነው ማለት ግን ይፈቀዳል፤ ሁልጊዜ ማመስገን ያለበት ሰው ምስጋናው ዋጋ ያጣል። ማርክ አይሰጥም። መምህሩ ራሱ ያነበበውን ይዞ እንደ አንድ ተናጋሪ በተራው ቢገባ መልካም ነው፤ ወይም የአንድን መጽሐፍ የመጀመሪያ ምዕራፍ ድምፁን ከፍ አድርጎ አንብቦ ልብ በሚሰቀልበት ቦታ ላይ ማቆምና መጽሐፉን በጠረጴዛው ላይ ትቶ መውጣት ይችላል። ንባቡ በትምህርት ሰዓት ውስጥ ጊዜ እንዲኖረው ማድረግም ያስፈልጋል። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ውኃ መቅዳትና ታናናሾቿን መያዝ የሚጠብቃት ልጅ መጽሐፍ ብትዋስም የምታነብበት ጊዜ ከቤቷ አታገኝም።

ቅጂ፣ ቁልፍና መዝገብ

ለዕቅድ አውጪዎች ጉዳዩ በመጀመሪያ የሒሳብ ጉዳይ ነው። አንድ ትምህርት ቤት 240 መጻሕፍት የመግዛት አቅም ቢኖረው፣ የተለመደው አሠራር 240 ርእሶችን አንዳንድ ቅጂ መግዛት ነው፤ ዝርዝሩ ረጅም ሆኖ ሲታይ ሀብታም ያስመስላል። ነገር ግን ስልሳ ተማሪ ባለበት ክፍል አንድ ቅጂ በእያንዳንዱ ልጅ እጅ አንድ ሳምንት ቢቈይ ለመዳረስ ስልሳ ሳምንት ይፈጃል፤ ይኸውም ከአንድ የትምህርት ዓመት በላይ ነው። የመጀመሪያው አንባቢ ወሬውን የሚያካፍለው አያገኝም። በዚያው ገንዘብ 48 ርእሶች አምስት አምስት ቅጂ ቢገዙ፣ አንድ መጽሐፍ በዐሥራ ሁለት ሳምንት ክፍሉን ያዳርሳል፤ በማናቸውም ሳምንት አምስት ልጆች ስለ አንድ ታሪክ ይነጋገራሉ። የተከታታይ ልብ ወለድ የመጀመሪያው ቅጽ ደግሞ ከሌሎቹ እጥፍ ሊገዛ ይገባል፤ ቶሎ የሚጠፋውና የሚቀደደው እርሱ ነውና፤ እርሱ ከጠፋም የቀሩት ቅጾች አይነበቡም።

መጻሕፍት ወደ ክፍል ሲገቡ የሚሆነው ደግሞ ተፈትኖ ታይቷል። ኤሊና ማንጉባይ የተባሉ ተመራማሪዎች በፊጂ የገጠር ትምህርት ቤቶች ለአራተኛና ለአምስተኛ ክፍል ተማሪዎች በየክፍሉ 250 የሚማርኩ የታሪክ መጻሕፍት በእንግሊዝኛ አቅርበው ነበር፤ እንግሊዝኛ ለልጆቹ ሁለተኛ ቋንቋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የታተመው ውጤት፣ እነዚህ ተማሪዎች በስምንት ወር ውስጥ በማንበብና በማድመጥ ያሳዩት እድገት ከተለመደው እጥፍ ያህል መሆኑን አመልክቷል። በሁለተኛው ዓመት ጥቅሙ ወደ ሌሎች የትምህርት ዓይነቶችም ተሻግሯል። መጻሕፍቱ የተቀመጡት ተማሪው በሚደርስበት ቦታ፣ በክፍሉ ውስጥ ነበር።

ኢትዮጵያ ውስጥም መጽሐፍን ወደ ልጁ የማቅረብ ሙከራ ተደርጓል። በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በሕፃናት ክፍል ይሠሩ የነበሩት አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ለኢትዮጵያውያን ልጆች የሚሆን መጽሐፍ አለመኖሩን ተመልክተው በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ የተረት መጽሐፍ አሳተሙ፤ እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ ሾላ አካባቢ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም በአዋሳ በአህያ የሚሳብ ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት ሥራ ጀመረ። ጋሪው ወደ ልጆቹ ይሄዳል እንጂ ልጆቹ ጋሪውን ፈልገው አይሄዱም።

በብዙ ትምህርት ቤቶች ችግሩ የመጽሐፍ እጥረት ብቻ ሳይሆን የቁልፍ ጉዳይ ነው። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛው መጻሕፍቱን በንብረትነት ፈርሞ ይረከባል፤ አንድ መጽሐፍ ሲጐድል ከደመወዙ ይጠየቅበታል። እንዲህ ባለ ሁኔታ ያለ ሰው መጽሐፍ ከማዋስ ይልቅ በሩን መቈለፍን ቢመርጥ የሚወቀስ አይደለም፤ አስተዋይ ነው። በዓመቱ መጨረሻ ሁሉም መጽሐፍ በመደርደሪያው የተገኘበት ቤተ መጻሕፍት ምስጋና የሚያገኝበት አሠራር ካልተለወጠ ግን፣ የሚገዛው መጽሐፍ ሁሉ ለመቈጠር ብቻ የሚገዛ ይሆናል። ለልብ ወለድ መጻሕፍት በየዓመቱ የተወሰነ ያህል በመቶ በንባብ ምክንያት ያለቀ ተብሎ ከንብረት መዝገብ እንዲሰረዝ የሚፈቅድ መመሪያ ቢወጣ፣ ሠራተኛው ሊከፍት የሚችለው በር ይኖረዋል። ጠመኔ ሲያልቅ ማንም አይጠየቅበትም።

የውሰት መዝገቡም ከቁጥጥር ሌላ አገልግሎት ሊሰጥ ይችላል። የተማሪው ስም፣ የመጽሐፉ ርእስ፣ የወጣበትና የተመለሰበት ቀን ከተጻፈ በኋላ አንድ ዐምድ ይጨመር፤ በዚህም «መጽሐፉን ከማን ሰማህ?» ተብሎ ተጠይቆ መልሱ ይመዝገብ። አንድ መንፈቀ ዓመት ሲያልፍ በዚህ ዐምድ ተደጋግመው የሚገኙ ሦስት ወይም አራት ስሞች ይኖራሉ። እነዚህ ልጆች በፈተና ውጤት ከፊተኞቹ ላይሆኑ ይችላሉ፤ ምናልባትም ከመካከላቸው አንዱ መጽሐፉ በመሳቢያ የተቈለፈበት ተማሪ ይሆናል። የሚቀጥለው ዓመት የግዥ ዝርዝር በሚዘጋጅበት ጊዜ ኮሚቴው ጠርቶ ሊያነጋግራቸው የሚገባው እነርሱን ነው።